ብቸኛ ተወዳዳሪ

«ሰማኒያ አራት» ብዬ እጽፍና ደብተሩን ወደ ክላይቭ ገፋ አደርገዋለሁ። በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ ያየውና ማይኩን ተጭኖ፣ ራሱ እንደሰማ ሰው፣ «ሰማኒያ አራት፣ ይዤዋለሁ» ይላል። እንዲህ ስንሠራ ሦስት ዓመታችን ነው። የባሌ ጆሮ ደክሟል፤ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፣ እሱ ግን አምኖ አይቀበልም።

መኪናችን ከካሩንዳ ከተማ ውጭ፣ ከስንዴ ጎተራዎቹ ጀርባ ያለች ጉብታ ላይ ቆማለች። መጋቢት ነው፤ እርሻው ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቷል፣ ዝንቡ መድረሻ ያሳጣል። መስኮቱን ብንከፍት ዝንብ፣ ብንዘጋ ሙቀት።

ለውድድሩ ካርታው በሳጥን በሳጥን ተከፍሏል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እየነዳን በሬዲዮ የቻልነውን ያህል ሰው እናናግራለን። መጀመሪያ «ሃምሳ ዘጠኝ» ይባላል፤ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ማለት ነው። በውድድር ቀን ግን ሁሉም ለሁሉም እንዲሁ ይለዋል፣ ጨርሶ ለማይሰማው እንኳ። የይሉኝታ ነገር ነው፣ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ከዚያ ተራ ቁጥር እንለዋወጣለን፤ በቁጥር ግን ቀልድ የለም። ዳኞች በኋላ የሁለቱን ወገን ደብተር ያመሳክራሉ፣ አንዲት አኃዝ ከተሳሳተች ግንኙነቱ ዜሮ ነው። ሁለተኛው ማዳመጫ እኔ ጆሮ ላይ ያለው ለዚህ ነው።

የዝንብ ማባረሪያ ቅባት ፍለጋ ዳሽቦርዱን ስከፍት የምዝገባ ቅጹ እጄ ላይ ይወድቃል። ክላይቭ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ሞልቶታል። የተወዳዳሪ ምድብ፦ ብቸኛ። ረዳት፦ የለም።

እስከ ዓምና «ሁለት ሰው» እየተባልን ነበር የምንመዘገበው። ስሜ፣ ኖር፣ ከስሙ ሥር ይጻፍ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለል ያደርጋል። «እ? እሱማ... ዋንጫው ያለው በብቸኛ ነው። ታውቂያለሽ።»

«ረዳት የለም ይላል እኮ።»

«ኖር፣ አንቺ እኮ ነጂ ነሽ። መንዳት እንደ እርዳታ አይቆጠርም፣ ደንቡ ላይ አለ።»

«መስማትስ?»

«የምን መስማት?» ፊቱ ይቀላል። «መጻፍሽን ማለትሽ ከሆነ ደብተር መያዝ ማንም ይችላል። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለፍቼበታለሁ። አንዴ ብወስደው ምን ይጎድልብሻል?»

ይጎድልብኛል። የሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን አልፌ የራሴ የጥሪ ስም አለኝ፤ ሃያውንም ዓመት ደግሞ ከጎኑ ነበርኩ። ዋንጫውን ቢፈልግ መኝታ ቤት ያስቀምጠው። እኔ የምፈልገው አንዲት ቃል ናት፦ «ያላንቺ አልሰማም» እንዲለኝ። ለዳኞች አይደለም፣ ለእኔ፣ እዚሁ መኪና ውስጥ።

ማዳመጫውን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ደብተሩንና እርሳሱን ጭኑ ላይ አኖርለታለሁ።

«አሁን ማኩረፍሽ ነው?»

«ኧረ ምን አኩርፌ! በእኔ የተነሳ እንዳትቀጣ ብዬ ነው። ብቸኛ አይደለህ?»

«እንደፈለግሽ» ይልና ወደ ሬዲዮው ይዞራል።

የመጀመሪያው ደዋይ የጎረቤት ከተማ ሰው ነው፤ ድምፁ መስኮት ይሰብራል፣ ክላይቭም ያለ ችግር ይጽፈዋል። «አየሽ?» ይለኛል። አያለሁ። ሁለተኛው ራቅ ያለ ነው። ክላይቭ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይጫናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «እንደገና?» ይላል። «እንደገና፣ ወንድሜ?» በውድድር ቀን ማንም ትዕግሥት የለውም፤ ሰውየው ትቶት ይሄዳል። ሦስተኛውም እንዲሁ።

አዝኜለት ነው እንዳልል አርሬያለሁ፤ አርሬ ነው እንዳልል ጎንበስ ያለ ማጅራቱ ያሳዝናል።

አራተኛው ባሕር ማዶ ካለችው ከታዝማኒያ ደሴት ነው። ከዚህ ጉብታ ታዝማኒያን መያዝ እንዲሁ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ነጥቡም ብዙ ነው። መኪናው ውስጥ ባለው ጸጥታ ጉልበቴ ላይ ካለው ማዳመጫ ቀጭን ድምፅ ሾልኮ ይወጣል። መቶ ሠላሳ ሁለት። ሰውየው ይደግመዋል። መቶ ሠላሳ ሁለት። ጆሮዬ ላይ ሳላደርገው ሰምቼዋለሁ።

ክላይቭ ዞር ብሎ ያየኛል። ጥያቄው ዓይኑ ላይ አለ፣ ከንፈሩም ይላወሳል። ቅጹን ይቅደድ አላልኩም። «ኖር፣ ስንት አለ?» ቢለኝ ይበቃኛል፤ ወዲያው እነግረዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉም እነግረዋለሁ።

ይህ ባሌ የክለባችንን ጸሐፊ፣ ያውም የሠርጋችንን ሚዜ፣ አንድ ያልተደረገ ግንኙነት ደብተሩ ላይ ጽፎ ቢያገኘው በስብሰባ መሃል አስነስቶ ያስባረረ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆመለትም። «ቁጥር የፈጠረ ምን የማይፈጥር አለ?» ይለኝ ነበር።

ፊቱን ይመልሳል። ማይኩን ይጫናል።

«ደርሶኛል፣ ወንድሜ። አመሰግናለሁ። መልካም ዕድል።»

እርሳሱ ትንሽ አየር ላይ ይቆያል። ከዚያ ይጽፋል፦ ዘጠና አምስት። እኔን ከመጠየቅ ይህ ቀለለው።

ማየቴን ሲያውቅ፣ በፈተና ሰዓት ጎረቤቱ እንዳይቀዳበት እንደሚፈራ ተማሪ፣ ክንዱን ደብተሩ ላይ አስተኝቶ ይሸፍንብኛል።