ሦስት ቁጥር ያለበት ወንበር

አሠልጣኛችን አብነት ዳስተሩን አንስቶ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ሲል «ተወው» አልኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ያለው የባለቤቴ፣ የከፈለኝ፣ መልመጃ ነው፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ዛሬ ሌላ ብንሠራስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የተጀመረውን እንጨርስ።»

መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። አሥሩ ኮምፒውተር ጨርቅ ለብሶ ተደርድሯል። ቅዳሜ ጠዋት ቦንጋ ውስጥ መብራት ካለ ሥልጠና የለም፣ ሥልጠና ካለ መብራት የለም። ለዚህ ነው አብነት እኛኑ ኮምፒውተር ያደረገን። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመጣ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን «ኮምፒውተር ተማሩ» ሲለን ደብዳቤ መጻፍ መስሎን ነበር፤ ይህ ከጅማ ተመርቆ የመጣ ልጅ ግን ፕሮግራም ካልጻፋችሁ ብሎ ድርቅ አለ።

የግዥ ክፍሉ ግዛቸው ጠያቂ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ከአምስት ማነሱን ይናገራል። ካነሰ፣ የሰው ኃይል ክፍሏ ሊና የታዘዘችውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ትላለች። ከዚያ ከፈለኝ በቁጥሩ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ግዛቸውም እንደገና ያያል። አምስት ሲደርስ ያበቃል። ፕሮግራም ማለት ይኸው ነው።

ቁጥር ጨማሪነቱን ለከፈለኝ የሰጠው የለም፣ ራሱ ወሰደ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቁጥር ሌላ ሲነካበት አይወድም። ከአሮጌ ማህደር ሽፋን ካርድ ቆርጦ ከዜሮ እስከ አምስት በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈና ደራርቦ አንድ ወንበር ላይ አቆማቸው። የላይኛው ሲነሳ ቀጣዩ ይታያል። አብነት ጨማሪ ከሌለ ፕሮግራሙ ማቆሚያ አጥቶ ለዘላለም እንደሚዞር ሲያስረዳን፣ ከፈለኝ ወደ እኛ ዞሮ «እንግዲህ አክብሩኝ፤ እኔ ካልጨመርኩ ሁላችሁም እዚሁ ማደራችሁ ነው» አለ። በሳቅ ሞትን።

ዓረፍተ ነገሩንም የመረጠው እሱ ነው። ስም ሲጠራ ሌላው «አቤት» ሲል እሱ «አለ» ነበር የሚለው፤ ፋይል ሲጠይቁት እንደሚመልሰው። የመምረጥ ተራው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ «ከፈለኝ አለ» ብሎ ጻፈ። አምስት ጊዜ ሊባል ነበር። ሦስት ጊዜ እንደተባለ መብራት መጣና ሁላችንም ወደ ኮምፒውተሮቹ ተሻማን። «ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን» አለ ከፈለኝ። ሰኞ ለመስክ ሥራ ወደ ደካ ሄደ። ሐሙስ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። እሑድ ቀበርነው።

አርባው ሳይወጣ ምን ከቤት አስወጣት እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ቤት ውስጥ ያለው ቅዳሜ አልገፋ ብሎኛል። ደግሞስ እንጨርሰዋለን ብሎ አልነበር? ከፈለኝ ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ ወረቀት ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ወንበሩን የነካው የለም። ካርዱ ሦስት ላይ እንደቆመ ነው። አብነት እኔን አየና ፈራ ተባ እያለ ጀምሩ አለ።

ግዛቸው መነጽሩን አስተካክሎ ካርዱን አየ። «ሦስት። ከአምስት ያንሳል።»

«ከፈለኝ አለ» አለች ሊና።

ከዚያ የሚጨምር ጠፋ። ሁሉም ወንበሩን አዩ፣ ቀጥለው ወለሉን። ግዛቸው ከመመሪያ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። ኮምፒውተር የታዘዘውን ይሠራል እንጂ አያዝንም ተብሎ ተምሯል፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«ሦስት። ከአምስት ያንሳል።»

«ከፈለኝ አለ።»

እንደገና ሦስት። እንደገና ያንሳል። እንደገና ከፈለኝ አለ። ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሁሉ «ነበር» ሲለኝ ነው የከረመው፤ ደግ ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ይህች ልጅ ግን አለ ትለኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። እስከ ስምንት ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠሩንም ተውኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ሊና ካርዱን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋ ሰልሏል፤ ግን አላቆመችም። አብነት ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሯል። በቃ የሚል አንድ ሰው አልነበረም። እዚሁ እደሩ ብላቸው ለእኔ ሲሉ ያድሩ ነበር።

ተነስቼ ወደ ወንበሩ ሄድኩ። የካርዱ ጫፍ ላይ የማህተም ቀለም አለ፤ የአውራ ጣቱ ነው። ሦስትን አነሳሁ። ከሥሩ አራት ነበር።

«አራት» አለ ግዛቸው። «ከአምስት ያንሳል።»

«ከፈለኝ አለ» አለች ሊና፤ የሰማናት በግድ ነው።

እጄን አራት ላይ አድርጌ ቆምኩ። ግዛቸው ጠበቀኝ፤ መጠበቅ የሚችል ሰው አይመስለኝም ነበር። ውጪ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ካርዱን አነሳሁት።

«አምስት» አለ ግዛቸው። «አያንስም።»

ሊና ከልማድ አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ገጠመችው።