አልነሳም ያለችው ፒክአፕ

«ተያት፣ ዛሬ አትነሳም» አለኝ ታላቅ ወንድሜ፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ።

ቁልፉን እንደገና አዞርኩት። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይንፈራገጣል፤ አይነሳም።

ፒክአፗ የሟቹ አባታችን ነበረች። ከኋላ የእማዬ አልጋ፣ ፍራሽና ሳጥን ተጭነዋል። ጋቢናው ውስጥ እማዬ ራሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መሃረቧን ጨብጣ ተቀምጣለች። ከእሱ ግቢ አውጥቼ እኔ ቤት ልወስዳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስላት የእሱ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ስንቴ ነግሬው ሰምቶኝ አያውቅም።

«ወስደሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ልትቆልፊባት!» አለ።

«ብናኝ ከምትቅም ይሻላታል!»

ኮፈኑን ከፈትኩት። መጀመሪያ የተናደድኩት በመኪናዋ ነበር፤ አሁን ግን በሁሉም ነው። አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ሞተሩ ከዞረ ባትሪውን ተይው፣ እሳትና ነዳጅ ፈልጊ ይለኝ ነበር። የካንዴላውን ገመድ ነቅዬ ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠጋሁት።

«ጋሼ፣ ና ቁልፉን አዙርልኝ።»

ሰማይ ሰማይ አየ። እንዲህ ተናድጄም «ጋሼ» ማለቴን አለመተዌ ይባስ አናደደኝ።

«በይ እማዬ፣ አንቺ አዙሪልኝ።»

ወደ መሪው ዘመም ብላ እንደ ታዛዥ ልጅ አዞረችው። ከገመዱ ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። እሳት አለ። ነዳጁም ግማሽ ድረስ ነው። ሄጄ ጭስ ማውጫውን አሸተትኩ፤ የቤንዚን ሽታ የሚባል የለውም። ነዳጁ ሞተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

ጋቢና ገብቼ ቁልፉን በግማሽ አዞርኩና ጆሮዬን ጣልኩ። ድሮ ከበስተኋላ እዝዝዝ የምትል የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ ነበረች። አሁን ጭጭ።

«እማዬ፣ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ።»

የፊውዝ ሳጥኑ ያለው እሷ ጉልበት ፊት ለፊት ነው። ሁለቴ ካስለመነችኝ በኋላ ሰበሰበችው። ክዳኑን አነሳሁት። የፓምፑ ፊውዝ ተቃጥሎ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ጭራሽ የለም! ቦታው ባዶ ነው።

ደሜ ፈላ። ከጋቢናው ዘልዬ ወረድኩ።

«አንተ ሌባ!» ጋሼ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ጠፋኝ። «ፊውዙን ነቅለህ ነው ለካ ቆመህ የምትስቅብኝ! የገዛ እናትህን እንዲህ አድርገህ ታግታለህ?»

«የምን ፊውዝ?»

«አምጣው ብያለሁ! አለዚያ ያንን መጋዝህን አስፋልት ላይ ነው የምወረውርልህ!»

«እማዬ ትሙት፣ አልነካሁም!»

«እኔን አትግደለኝ» አለች እማዬ ከጋቢናው። «እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ሁለታችንም ወደ መኪናዋ ሄድን፤ እኔ በሾፌሩ በር፣ እሱ በእሷ መስኮት በኩል። እማዬ የመሃረቧን ጫፍ ፈታች። ጥፍር የምታክለው ፊውዝ መዳፏ ላይ ቁጭ አለች።

እንዴት እንደረሳሁት! አባቴ ማታ ማታ መኪናዋን ሲያቆም ይህችኑ ፊውዝ ነቅሎ ለእማዬ ይሰጣት ነበር። እሷም መሃረቧ ላይ ቋጥራ ትራሷ ስር ታስገባታለች። «መኪናዬን የፈለገ ሌባ መጀመሪያ ሚስቴን ይቀስቅስ» እያለ ይስቅ ነበር።

«እኔ ለአንቺ ብዬ እዚህ ፀሐይ ላይ ስቃጠል…» እጄን ዘረጋሁ። «ስጪኝ!»

«ለእሷ እንዳትሰጪያት እማዬ፣ ለእኔ ስጪኝ» ብሎ ወንድሜም እጁን በመስኮቱ አስገባ።

«አባታችሁ» አለች እማዬ። እንዲህ ተናዳ አይቻት አላውቅም። «ያ ማንንም የማይሰማው አባታችሁ እንኳ፣ በየጠዋቱ ‹ልሂድ ወይ?› ብሎኝ ነበር ይህችን የሚወስዳት።»

የተዘረጉትን ሁለት መዳፎች ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ፊውዟን መሃረቧ ላይ መልሳ ቋጠረችና ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።