ዘጠኝ ኪሎ ስም

ሊፍቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል አለቃዋ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ተጫኑ። ንቅንቅ የለም።

"ስብሰባው አምስት ደቂቃ ቀረው" አሉ።

እሷ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። የጠፈር መንኮራኩሯ ከፀሐይ ስበት አምልጣ የምትወጣበትን መንገድ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀየሰችው እሷ ናት። ዛሬ እሷና አለቃዋ መንገዱ ትክክል ነው ብለው ይፈርማሉ። ጠዋት ግን የክብደት ሰንጠረዡን ስታየው፣ እሷ ሳታውቅ ዘጠኝ ኪሎ ተጨምሮበታል።

"ጋሼ፣ ያቺ ዘጠኝ ኪሎ ምንድን ናት?"

ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። "የብረት ሰሌዳ። የበላዮቻችን ስም የተቀረጸበት።"

"ስም?"

"ከነማዕረጉ።"

ሰንጠረዡን አወጣችላቸው። "ጁፒተር ስታልፍ በስበቱ እንደ ወንጭፍ ይወረውራታል። ቢሆንም በዚህ ክብደት ፍጥነቷ በሰከንድ ሰማንያ ሜትር ያንሳታል። ፀሐይ አትለቃትም፤ ዞራ ትመለሳለች።"

"መቼ?"

"ከአምስት ሺህ ዓመት በኋላ።"

ፊታቸው ፈካ። "ታዲያ ያኔ ማን ሊጠይቀን ነው? የኔ ልጅ፣ የበላዮቹ ስማችን ካልሄደ መንኮራኩሯም አትሄድም ብለውኛል። ቀጭን ትእዛዝ ነው።"

"ትወጣለች ብዬ ልፈርም?"

"አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ይፈርማል።"

አየሩ ታፈነ። እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ የትም እንደሌለ ታውቃለች። ከዚህ ከተባረረች የሚቀራት የውሃ ቦይ መቀየስ ነው።

አንድ የጥገና ሠራተኛ ከላይ በሩን ፈልቅቆ ከፈተ። የአምስተኛው ፎቅ ወለል በደረቷ ትክክል ነው። አለቃዋ እጃቸውን አቆላልፈው መርገጫ ሠሩላት፤ ወረቀቶቹን ሊፍቱ ውስጥ አስቀምጣ ተንጠላጥላ ወጣች።

"እጅዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።"

አልሰጧትም። ወረቀቶቹን ብቻ አቀበሏት። "ሂጂ። አሁን ለኔ ያልሽኝን ንገሪያቸው።"

"እርስዎስ?"

"ሊፍት ይዟቸዋል፣ መጥተው መፈረም አልቻሉም በያቸው።"

ሠራተኛው "መሰላል ላምጣ" ቢል፣ "አትቸኩል ወንድሜ" አሉት። ኮታቸውን አጥፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

አዳራሹ ውስጥ የበላዮቹ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አንዱ ተነስቶ በሩን ከኋላዋ ዘጋ።

ወንበር አልሳበችም። "መንኮራኩሯ አትወጣም" አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ።

እስክሪብቶ የያዘ አንድም እጅ ለመፈረም አልተንቀሳቀሰም።