የታሸገው ክፍል መስኮት

ባልና ሚስቱ ፖማቸውን በቀዝቃዛው ክፍል ካሸጉት ወር አልፎታል። ፖሙ እንዳይጠወልግ ኦክስጅኑ ስለተቀነሰ፣ እዚያ የሚገባ ሰው ሁለቴ ሳይተነፍስ ይወድቃል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት በሩ ላይ ባለችው ትንሽ የመስታወት መስኮት ብቻ ነበር።

ዛሬ መስኮቷን እንፋሎት ይዟታል።

«ተጠግተሽ እየተነፈስሽባት እኮ ነው፤ ፖሙን በዓይንሽ ልትበዪው ነው?» ብሎ ባልየው ቀለደና በእጅጌው ወለወላት። እንፋሎቱ አልለቀቀም። ደግሞ ፈተጋት።

«ተወው» አለች ሚስትየው፣ ድምጿ ሰልሎ። «ከውስጥ ነው።»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናላ» አላት። እጁ ግን ከመስታወቱ ወርዶ እጇን ፈለገ።

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ሳሳና ጠፋ። ከዚያ ልክ በሰው አፍ ትክክል ተመልሶ መጣ። ጠፋ። ደግሞ መጣ።