በመሐረብ የተጠቀለለው ግማሽ ብልቃጥ

አቶ ምትኩ... የጎፋ ልብስ ሰፊ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን የታመመችው የቀረችው ቀኝ ዓይናቸው ናት።

ፅጌረዳ... ልጃቸው።

ወይዘሮ ዚነት... መካኒሳ በርበሬ የሚነግዱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ታካሚ።

ሲስተር ክብረት... ነርስ።

ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። አራቱም ነፋስ ስልክ በሚገኝ አነስተኛ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ተገናኝተዋል።

ሐኪሙ ለአቶ ምትኩ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት አዘውላቸዋል። ፅጌረዳ ግን ሦስት ቀን ሙሉ መድኃኒት ቤቶችን ዞራ አላገኘችውም።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ አባቷ። «መርፌ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ? አርባ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ።»

ቀለዱ እንጂ የታመመችውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነበር...

አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ዚነት ይህን ሲሰሙ ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ።

«እንኩ፣ ያው መድኃኒት ነው። ትናንት ሌላ ቦታ የተወጋሁበት፤ ግማሹ ተርፏል። ለአላህ ብዬ ነው።»

ፅጌረዳ እጃቸውን ሳመች።

ሲስተር ክብረት ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው... ከዚያም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«በዚህ አልወጋም።»

«ለምን? ስሙ ያው ነው፤ ጊዜውም አላለፈም» አለች ፅጌረዳ።

«ተከፍቷል።»

«ሲስተር፣ የአባቴ ዓይን ሊጠፋ ነው። ያንቺ አባት ቢሆኑስ?»

«የእኔም አባት ቢሆን አልወጋም። መርፌ የገባበት ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ቢኖር አይታየንም። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል።»

«ጨካኝ ነሽ» አለቻት ፅጌረዳ።

ሲስተር ክብረት ወደ ወይዘሮ ዚነት ዞረች።

«እትዬ፣ ይህን ብልቃጥ አዲስ ሆኖ ነው የገዙት?»

«ኧረ እኔም ተሰጥቶኝ ነው። አንዲት ደግ ሴት ተሽሏት የተረፋትን ሰጠችኝ።»

ሲስተር ክብረት ጠጋ አለቻቸው...

«መነጽርዎን ያውልቁልኝ።»

«ትንሽ ቀልቶ ነው እንጂ... ሲቆጠቁጠኝ አደረ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብዬ፣ ማስታገሻ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

መነጽሩ ወረደ።

አንዱ ዓይናቸው ደም መስሏል... በብሌኑ ግርጌ ነጭ መግል አቁሯል።

ሲስተር ክብረት ደህናውን ዓይናቸውን በእጇ ሸፈነች። «ይህ ስንት ጣት ነው?»

«የቱ ጣት?»

ፅጌረዳ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ ብልቃጥ ወደ አባቷ ዓይን እንዳይደርስ ያገደው የአንዲት ነርስ እምቢታ ብቻ ነበር...

ወይዘሮ ዚነት በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ተወሰዱ። የታመመው ዓይናቸው ሳይወጣ ተረፈ፤ ዛሬ ግን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም።

የተከፈተ መድኃኒት ማካፈል ምጽዋት ይመስላል። ብልቃጡን የሰጡት ሁለቱ ሴቶችም ነርሷም ደግ ነበሩ፤ ደግነቷን በጥንቃቄ ያሳየችው ግን ጨካኝ የተባለችው ብቻ ናት።

ወይዘሮ ዚነት ታክሲ ከመሳፈራቸው በፊት አራቱም ተስማምተው ነበር... ብልቃጡ ከነመድኃኒቱ ይወገዳል። ፅጌረዳ ብልቃጡን ለወይዘሮ ዚነት የሰጠችውን ሴት፣ እሳቸው በሚነግሯት አድራሻ፣ በዚያው ቀን ፈልጋ ታስጠነቅቃለች። አቶ ምትኩም፣ ዓይናቸው እስከዚያ ትቆያለች ብሎ ማንም ማረጋገጫ ባይሰጣቸውም፣ የታሸገ መድኃኒት እስኪገኝ ይጠብቃሉ።

እናንተ በፅጌረዳ ቦታ ብትሆኑ... ወይዘሮ ዚነት መነጽራቸውን ከማውለቃቸው በፊት የነርሷን እምቢታ ትቀበሉ ነበር? በኮመንት ጻፉልን።