የስፒከሮቹ ቦታ

እሁድ በማለዳ ጓደኛው ሙላቱ መጥቶ «አዲሶቹን ስፒከሮችህን ዛሬ ቦታ ቦታቸውን እናስይዛቸው» ሲለው ሰውዬው ፈነጠዘ። ሌላ ጊዜ እኮ «ደንቆሮ ልታደርገን ነው» እያለ ነበር የሚያበሽቀው።

«ሶፋው ድምፁን ይውጠዋል» አለ ሙላቱ። ሶፋው ወጣ። «የቡፌው መስታወት ይንጫጫል።» ቡፌውም ወጣ። የሰውዬውን ስልክ ደግሞ «ይረብሻል» ብሎ አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

ሰውዬው ስፒከሮቹን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቆ ሙዚቃ ከፈተ።

«አሁንስ?»

ሙላቱ አይሰማም። በመስኮቱ የግቢውን በር ያያል።

«ምን ሆነሃል? ልቤን አወለቅከው እኮ!»

«ምንም። ጥግ አስጠጋቸው።»

«ጥግ ከገቡማ ድምፁ ይበላሻል!»

«ግድ የለም፣ ለእኔ ስትል።»

እየተነጫነጨ ሁለቱንም ጥግ አስጠጋቸው። ሳሎኑ ሜዳ ሆነ።

የግቢው በር ሲንኳኳ ሙላቱ ሙዚቃውን አጠፋ። የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ከኋላቸው፣ ደብረ ብርሃን እናታቸው ጋ የምትኖረው የሰውዬው ታላቅ እህት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።