የዌት ማችስ አራተኛው ሰው

«ፓፓ፣ ስምህ እኮ የለም» አለች ስኒት።

ሮተርዳም ካለ ሙዚቃ ቤት የገዛችውን ሸክላ ለአባቷ ለሳህለ አቀበለችው። ሳህለ መነጽሩን አድርጎ ሽፋኑን አገላበጠ።

ዌት ማችስ በ1981 ሊድስ ከተማ የተቋቋመ የእንግሊዝ ባንድ ነበር። የረጠበ ክብሪት ማለት ነው፤ ዕድሉም እንደ ስሙ ሆነ። ስምንት ወር ኖረ፣ አሥራ አንድ ቦታ ተጫወተ፣ አንድ ሸክላ አሳተመና ተበተነ። ሙዚቃውን ፖስት ፓንክ ይሉታል፤ ግማሹ ዜማ፣ ግማሹ ንዴት ነው። ቤዝ ጊታሩን ይጫወት የነበረው ያኔ ተማሪ የነበረው ሳህለ ነው።

አሁን ሸክላው እንደገና ታትሟል። የሰፈሩት ስሞች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ፎቶውም ተቆርጧል፤ በዘፋኙ በክላይቭ ትከሻ ላይ ባለቤት የሌለው እጅ ቀርቷል።

«ይሄ እጅ የኔ ነው!»

«ኤኽት? እውነት? የማንም ሊሆን ይችላል እኮ። ሌላ ፎቶ የለህም?»

አልነበረውም። ከእንግሊዝ ወደ ዴን ሃግ መጥቶ ጌታን በተቀበለ ሰሞን፣ እንደ ሌሎቹ አማኞች፣ ዓለማዊ የተባለውን ሁሉ ስኬቨኒንገን የባሕር ዳርቻ ወስዶ አቃጥሏል። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ትራም ነዳ። ስለ ወጣትነቱ ማውራት የጀመረው ጡረታ ሲወጣ ነው፤ ባወራ ቁጥር ስኒት ትስቅበታለች። ያን ሳቅ የሚያስቆምለት ይህ ሽፋን ብቻ ነበር።

«ጥቁር ስለሆንኩ ነው የቆረጡኝ» አለ። ደሙ ፈላ።

ቅዳሜ ክላይቭ ሸክላውን ሊፈርም ሙዚቃ ቤቱ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ ሳህለ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ከስኒት ጋር ባቡር ተሳፈረ። መንገድ ላይ ካለችው ዴልፍት ሳይደርሱ የሚናገረውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል።

«ቀስ በል ፓፓ፣ ሰው እያየህ ነው።»

«ይየኝ!»

ክላይቭ ራሰ በራ ሽማግሌ ሆኗል። ሳህለን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ሳህለ አልጨበጠውም።

«ሌባ!» አለው በእንግሊዝኛ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። «በልጄ ፊት ውሸታም አደረግከኝ! ስሜን የፋቀው ማን ነው? ለሷ ንገራት!»

ስኒት ዛሬ አልሳቀችም። የአባቷን ክንድ ይዛ ክላይቭ ላይ አፈጠጠች።

«አባቴን ምን መብት ኖሯችሁ ነው የፋቃችሁት?»

የክላይቭ ፊት ቀላ። ከቦርሳው አንድ ያረጀ ፖስታ አውጥቶ ሰጣት።

«ስለ አራተኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለበዛ ይዤው ነው የምዞረው» አላት።

ስኒት ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አወጣች፤ የእጅ ጽሑፉን አወቀችው። ከዚያ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ከእንግዲህ የጌታ ነኝ፤ ስሜንም መልኬንም ከዚያ የሰይጣን ሥራ ላይ ፋቁልኝ፣ ነገ የምወልደው ልጅ ከእናንተ ጋር እንደነበርኩ በፍጹም እንዳያውቅ፤ ሳህለ፣ ዴን ሃግ፣ 1993።»